ቅጠል የተሳለበት ጀሪካን

አንዲት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ምላሷ ከመጥረጊያዋ ይበልጥ የሚጠርግ! አለቃዋ አቶ ደምመላሽ «ለአካባቢ ተስማሚ ነው» ብሎ ከአማቹ ሱቅ የገዛው የወለል ማጽጃ እጇን ላጠባት፤ እጣቢው የተደፋበት ጽጌረዳም ክው ብሎ ደረቀ። ሰውዬው ግን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ «ይኸው፣ ጀሪካኑ ላይ ቅጠል ተስሏል! ከወተት ይለሰልሳል። ጥሩ ነው ብለሽ ፈርሚ፣ አለዚያ ነገ እንዳትመጪ!» አላት።

እሷ እቴ! ጀሪካኑን ከፍታ አዘነበለችና፣ «ጌታዬ፣ ባገራችን ጠላ የሚቀዳ ሰው እንኳ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መቅመሱን ትቼልዎታለሁ፤ መዳፍዎን ብቻ ይዘርጉ» አለችው።

አቶ ደምመላሽ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከተተ።

«እንግዲያው እጅዎ ከኪስዎ ሲወጣ ይጥሩኝ፤ ያኔ የኔም እጅ ይፈርማል!»