በአውራ ጣት የተሸፈነው መስመር

አንዲት ሴት ነበረች፤ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ የምትሠራ። ስሟ ታንጉት ነው። እናቷ ኩላሊታቸው ደክሞ ደማቸው እያነሰ ሄደ። ደማቸውን የሚተካላቸው መርፌ ደግሞ ከከተማው ፋርማሲ ሁሉ ጠፋ።

ታንጉት በምትሠራበት ክፍል ፍሪዘር ውስጥ አንድ ብልቃጥ አለ። ላዩ ላይ «የሰው ፕሮቲን» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሰው የተቀዳ ግን አይደለም፤ የሰውን ዘረመል ወስደው በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሕዋሶች ያሠሩት ነው። ሥራው እናቷ ካጡት መርፌ ጋር አንድ ነው፤ ሰውነት ደም እንዲሠራ ያዛል። ይህን አንድ ቀን ምሳ ላይ ለታላቅ ወንድሟ አጫወተችው።

ወንድሟ ባህሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በማግስቱ ላቦራቶሪው ድረስ መጣ።

«እስቲ አሳዪኝ» አላት። አሳየችው።

«የሰው ይላል እኮ።»

«ጋሼ፣ ከሥሩ ያለውንም አንብበው። ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይሰጥም ይላል። እንደ መድኃኒት ተጣርቶ የተሠራ አይደለም።»

«እማዬ እየሞተች አንቺ ወረቀት ታነቢልኛለሽ?»

በዚህ መሐል አለቃዋ ጠራት፤ ወጣች። ስትመለስ ወንድሟም የለም፣ ብልቃጡም የለም። ብትደውል አያነሳም። ታክሲ ይዛ እናቷ ቤት ስትደርስ መርፌው ተወግቶ አልቋል። የወጋቻቸው የጎረቤት ነርስ ናት። በኋላ እያለቀሰች ለታንጉት ምን አለቻት መሰላችሁ? «ጽሑፉን አሳይቶኛል። የታችኛውን መስመር ግን በአውራ ጣቱ ይዞት ነበር።»

ሳይመሽ እናትየው በትኩሳት ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ «ምን ወስደዋል?» ሲል ባህሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። የተናገረችው ታንጉት ናት። ለአለቃዋም ያንኑ ዕለት ተናገረች፤ ከሥራ ታገደች። እናትየው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ከሞት ጋር ታግለው በሰው ድጋፍ እየተራመዱ ወጡ።

ቀጥሎ በመጣው እሑድ ባህሩ ለምስክርነት ማይክ ያዘ። «እናቴ ሞት አፋፍ ላይ ነበረች፤ ጌታ አስነሣልኝ» አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ታንጉት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። በንዴት ተነሥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጌታ አስነሥቷታል፣ እውነት ነው። የጣልካት ግን አንተ ነህ። እሱን ለምን አልተናገርክም?»

ጉባኤው ምን አደረገ? አንድ አስተናጋጅ መጥቶ ክንዷን ያዘ። «እህታችን፣ ተቀመጪ። በጌታ ቤት ሽማግሌ አይዋረድም» አላት። ወጥታ ሄደች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ተከትሏት የወጣ አንድም ሰው አልነበረም።

ወገኖቼ፣ እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በባህሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእልልታው ነው። በዚያ አስተናጋጅ ነው።

ባህሩ ማንበብ ያቃተው ሰው ነው? አይደለም። የወደደውን አንብቦ ያልወደደውን ሸፈነ። እናንተስ? ለሚስት የታዘዘውን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለባል የታዘዘው ላይ ስትደርሱ ዓይናችሁ ይደክማል። ልጅ ወላጁን ያክብር ስትሉ ድምፃችሁ ይወፍራል፤ ወላጅ ልጁን አያስመርር የሚለው ግን ከመጽሐፋችሁ የወጣ ይመስላል። ይቅር ተባልኩ ብላችሁ ትዘምራላችሁ። ማንን በድላችሁ ነው ይቅር የተባላችሁት? የበደላችሁት ሰው ይህን ይቅርታ ሰምቷል?

ጣታችሁን ከመስመሩ ላይ አንሡ! በፍቅር ነው ያደረግኩት አትበሉኝ። ባህሩም እናቱን ይወድ ነበር።

እንደ ታንጉት ያለች ተነሥታ ስትናገር «ተቀመጪ» ያላችሁትስ? የቤታችን ስም እንዳይጠፋ ብላችሁ ስንቷን እህት ከዚህ ደጅ አስወጣችሁ? የጌታ ቤት እውነት ሲነገርበት ይፈርሳል ብሎ የነገራችሁ ማነው?

ዛሬ አሜን አትበሉኝ። አልፈልገውም። ሂዱ፤ የጣላችሁት ሰው ፊት ቁሙ፤ የሸፈናችሁትን ተናገሩ። እሱ ሰምቶ ሲያበቃ፣ አሜኑን እሱ ይበለው።