ያልተነሣችው መኪናና የአንበሳው አውጫጭኝ

አንድ ጊዜ፥ በጋው በርትቶ የቆላው ሣር ገለባ በሆነበት ወራት፥ በአንድ ሰፊ ሜዳ የሚኖሩ እንስሳት ውኃ የሚያመላልሱባት አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረቻቸው። ወንዙ ሩቅ ነበረ። ግልገሎችና አረጋውያን እስከዚያ መሄድ ስለማይችሉ፥ ሾፌሩ አህያ በየማለዳው ባዶ በርሜሎችን ጭኖ ይወርድ፥ ሞልቶም ይመለስ ነበር። ስለ ሥራውም ሁሉም ይመርቁት ነበር፤ ጅብ ብቻ መኪናይቱ ባለፈች ቍጥር የሚመለከተው በርሜሉን ሳይሆን የሾፌሩን ጭን ነበረ።

ከዕለታት በአንዱ ማለዳ አህያ ቁልፉን ቢያዞር፥ ሞተሩ እያጓራ ዞረ እንጂ አልተነሣም። ጥቂት ታግሦ ደግሞ አዞረው፤ አሁንም ዞረ እንጂ አልተነሣም። በሜዳው ያለው ውኃ ትናንት ማታ ተጠጥቶ አልቆ ነበርና፥ የግልገሎቹ እናቶች ድምፁን ሰምተው ተሰበሰቡ። ጅብ ግን ከእነርሱም ቀድሞ ደርሶ ነበረ። ነገሩን አይቶ በቀጥታ ወደ አንበሳ ሄደና፥ አህያ ሥራ ሰልችቶት ዕረፍት በመሻት መኪናይቱን ሆን ብሎ አበላሽቷል ብሎ ከሰሰ።

አንበሳ የተጠሙትን ግልገሎች ሲያይ ልቡ አዘነ፤ ኀዘኑም ፈጥኖ ቍጣ ሆነ። ስለዚህ አውጫጭኝ አዘዘ። አውጫጭኝ ማለት፥ አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው ሁሉ ባንድነት ተሰብስቦ፥ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን አውጥቶ እንዲናገር የሚገደድበት ሸንጎ ነው፤ አጥፊው ሳይለይም ከዚያ ተነሥቶ የሚሄድ የለም። በዚያ ሜዳ ደግሞ፥ የአገሩን ውኃ ያጓደለ ለከሳሹ ይሰጥ የሚል የቆየ ሕግ ነበረ። ለጅብ የተሰጠ ምን እንደሚሆን ማንም አይጠይቅም።

ሸንጎው ተቀመጠ። ፍየል፥ አህያ በቀደም ዕለት የመኪናይቱን ጎማ በእግሩ ሲመታ አይቼዋለሁ አለች። ከርከሮ፥ በመንገዱ መጥፎነት ሲያማርር ሰምቼዋለሁ አለ። ሌሎችም በየተራቸው ተነሥተው ስለ ጠባዩ፥ ስለ አካሄዱ፥ ስለ ድምፁ ሳይቀር መሰከሩ። ስለ ሞተሩ ግን አንድም ቃል የተናገረ አልነበረም።

ጅብም በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ አንዱ ምስክር ቃሉን በፈጸመ ቍጥር ቁልፉን እያዞረ ሞተሩን ያስጮኸው ነበረ።

«ጃንሆይ፥ ይስሙልኝ» ይላል። «ሞተሩ ይዞራል። የሚዞር ሞተር ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሆኖ ካልተነሣ፥ አንቆ የያዘው አለ።»

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ እውነት ይመስል ነበር፤ ማንም ቁልፉን ተው ብሎ አልከለከለውም። ተከሳሹ እንዲናገር ሲፈቀድለት፥ አህያ ፍርሃት ልቡን ሸፍኖት፥ እኔ አላበላሸኋትም፥ ምን እንደ ሆነች ግን አላውቅም አለ።

«አላውቅም አለ» አለ ጅብ። «የመኪናይቱን ነገር የማያውቅ ሾፌር፥ እንግዲህ ያ ሁሉ ሥጋ ምን ያደርግለታል?»

በዚህ ጊዜ ቀበሮ ከዳር ተነሣች። ለአህያ የተለየ ፍቅር ኖሯት አይደለም፤ በየማለዳው በዚያች መኪና ተሳፍራ ወርዳ በወንዙ ዳር ጅግራ የምታድን እርሷ ስለ ነበረች፥ መኪናይቱም ሾፌሩም ያስፈልጓት ነበር። አህያ ንጹሕ ነው ብትል ጅብ ወገን ናት እንደሚላት ዐወቀች። ስለዚህ እጅ ነሥታ ከከሳሹ ጎን ቆመች።

«ጃንሆይ፥ አያ ጅቦ ያቀረቡት ክስ መልካም ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። ከነገሩ ያልተለየው ምስክር ገና አልተጠየቀም።»

«እርሱ ማነው?» አለ አንበሳ።

«መኪናይቱ ናት።»

ሸንጎው ሣቀ። አንበሳ ግን አልሣቀም፤ አንደበት የሌላት እንዴት ትመሰክራለች ሲል ጠየቀ። ቀበሮም መለሰች፦ ሞተር ይነሣ ዘንድ የሚተባበሩት ምን ምን እንደ ሆኑ አህያ ይንገረን፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይመርመር፤ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ይሰናበት፥ ዳግመኛም አይጠራ፤ በመጨረሻ የሚቀረው ነገሩን ያወጣል። ጅብ ይህን ሲሰማ ከሁሉ ፈጥኖ ተስማማ፤ መኪናይቱ ራሷ ከመሰከረች የአህያ ሥጋ ያለ ይግባኝ የእርሱ መስሎት ነበርና።

ጦጣ ጣት ያላት እርሷ ናትና ኮፈኑን እንድትከፍት ታዘዘች። አህያም ለምን አጠፋህ የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ይህ ምን ይሠራል ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ የሸሸው ዕውቀቱ ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ሞተር ይነሣ ዘንድ የሚያዞረው ኃይል፥ የሚተነፍሰው አየር፥ የሚቃጠል ቤንዚንና ቤንዚኑን የሚለኩስ ብልጭታ ያስፈልጉታል አለ።

ቀበሮ ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ባትሪውና ሞተሪኖው ሥራቸው ማዞር ነው። ሲያዞሩም ሰምተናል፤ አያ ጅቦ ጠዋቱን ሙሉ መስክረውላቸዋል። ስለዚህ ይሰናበቱ። ነገር ግን የእነርሱ ንጽሕና የሌሎቹ ንጽሕና አይደለም።»

ጅብ የገዛ ክሱ እንደ ፈረሰ ሳያስተውል ራሱን ነቀነቀ።

ቀጥሎ አየሩ ተመረመረ። ጦጣ አቧራ የሚያጣራውን ፊልትሮ ፈትታ አወጣች፤ አህያ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ያለ ፊልትሮም አልተነሣም። አየሩ ተሰናበተ። ከዚያ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቧንቧ ተፈታ፤ ቁልፉ ሲዞርም ቤንዚኑ በደንብ ፈሰሰ። ጅብ ምስክሩን በምላሱ ሊመረምር ቀርቦ እያስነጠሰ ተመለሰ። ቤንዚኑም ተሰናበተ፤ የፈሰሰው ተጠርጎ ደርቆ ቧንቧው እንደ ነበረ ታሰረ።

የቀረው ብልጭታው ነበር። ጦጣ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ነቅላ፥ ከነሽቦው በሞተሩ ብረት ላይ አስጠጋችው። አህያ አዞረ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። ምንም ብልጭ ያለ ነገር የለም።

ከርከሮ፥ አጥፊው ካንዴላው ነው ብሎ ሊነሣ ሲል ቀበሮ አስቀመጠችው፤ ያልሰጠ ሁሉ አጥፊ አይደለም፥ ያልተቀበለም ሊሆን ይችላል አለችው። በሌላ ካንዴላም ቢሞክሩት ያው ሆነ። እንግዲያስ የሚልክለት ማነው ተብሎ ሽቦው ወደ ኋላ እየተዳሰሰ፥ ኃይሉ ከሚመነጭበት ከቦቢናው ደረሱ። በዚያም የሽቦው ጫፍ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ተገኘ። ላየው ሰው ከቦቢናው ጋር ተያይዟል፤ በመካከላቸው ግን ዝገቱ ገብቶ ለያይቷቸዋል። እንዲህ ያለው መለያየት በመኪና ብቻ የሚገኝ አይደለም።

አንበሳ ጎንበስ ብሎ ዝገቱን ሲመለከት ቆየና ወደ ዙፋኑ ተመልሶ፥ ይህን ማን አደረገው ሲል ጠየቀ። አህያም ያለፈው ክረምት ዝናም በኮፈኑ ስንጥቅ ገብቶ እንዳዛገው ተናገረ።

ጅብ ፊቱን አጠቆረ። ጥቂትም ካሰበ በኋላ ወደ አንበሳ ቀረበ።

«እንግዲህ አጥፊው ዝናሙ ነው፥ ጃንሆይ?»

«እርሱ ነው።»

«ሕጉም አጥፊው ለከሳሹ ይሰጥ ይላል?»

«ይላል።»

«የት ነው ያለው?»

ቀበሮ ደመና ወደሌለው ሰማይ ቀና አለች። «እዚሁ ተቀምጠው ይጠብቁት፥ አያ ጅቦ። መምጣቱ አይቀርም» አለችው።

አህያ ዝገቱን በድንጋይ ፍቆ አነጻ፥ ሽቦውንም መልሶ አጠበቀ። ካንዴላው ዳግመኛ ሲሞከር ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፤ እናቶቹም እልል አሉ። ካንዴላውና ፊልትሮው በየቦታቸው ተመልሰው አህያ ቁልፉን ቢያዞር ግን፥ ሞተሩ አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ። ባትሪው ደክሟል። ጠዋቱን ሙሉ በከንቱ ሲያስጮኸው የዋለ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አውጫጭኝ አላስፈለገም፤ ሁሉም ሰምቶታል።

አሁን ውኃውን ያጓደለ አጥፊ በእውነት ተገኘ። በዚህ ጊዜ የተበደለው አህያ ነውና ከሳሹም እርሱ ሆነ፤ ሕጉም ያው ነው። ጅብ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል አግብቶ አቀረቀረ። አንበሳ፥ ምን ይደረግልህ ሲል አህያን ጠየቀው።

«ጃንሆይ፥ እኔ ሥጋ አልበላም» አለ አህያ። «ግልገሎቹ ተጠምተዋል። ባትሪው ሞተሩን ማዞር ቢያቅተውም ለብልጭታ የሚበቃ ጥቂት አያጣም፤ ከተገፋች ትነሣለች። የጅብን ትከሻ ያውሱኝ።»

አንበሳ ከዙፋኑ ወረደ። «ያን ጩኸት ተቀምጬ ስሰማ የዋልሁ እኔም ነኝ። ተው ባልሁት ኖሮ ዝም ይል ነበር» ብሎ ከጅብ ጎን ቆመ። ፍየልና ከርከሮም፥ የመሰከሩት ሁሉ፥ ትከሻቸውን ሰጡ። ቀበሮ ግን አልገፋችም፤ ከበርሜሎቹ መካከል አስቀድማ ተቀምጣ ነበር። መኪናይቱ እያቃሰተች ተንቀሳቀሰች፤ ቁልቁለቱንም በጀመረች ጊዜ አህያ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨና ተነሣ። አቧራውን እያስነሣች ወደ ወንዙ ወረደች።

ሌሎቹ ደስ ብሏቸው ሲበተኑ አንበሳ በመንገዱ መካከል ብቻውን ቆሞ ቀረ። የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ሰማ፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ፈርዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያን መሪ የሚይዝ እንደማይኖር ዐሰበ። ወደ ዙፋኑም ለመመለስ እግሩ ከበደው።

ከዚህ የምንማረው፥ አንድ ነገር በተበላሸብን ጊዜ የሚቀጣ ከመፈለጋችን በፊት የተበላሸውን ራሱን በትዕግሥት አንድ በአንድ መመርመር እንደሚገባን፥ በክስ የምናባክነው ኃይልም ለጥገናው ያስፈልገን የነበረው ኃይል መሆኑን ነው።