የሰባው ሞተር

አንድ ጊዜ የአያ ጅቦ የጭነት መኪና ዳገት መሃል ላይ ሞተሩ ደርቆ ቆመ፤ ከዚያ ቀን በኋላም አልተነሳም። ሠላሳ ኩንታል ዘር ተጭኖበት ነበር። ሹፌሩ አህያ ነበር፤ እንዲህ እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

አህያ መኪና ሳይመጣ በፊት ተሸካሚ ነበር። ከቆላው ወንዝ ዳር እስከ ደጋው ጎተራ ያለውን ዳገት እህል በጀርባው ጭኖ ሲመላለስ ነው ያደገው። ጀርባው ላይ ገጣባ ነበረበት። ጭነቱ በየማለዳው እዚያው ቁስል ላይ ይወርዳል። ዝንቡን በጅራቱ ከማባረር በቀር ለቁስሉ ያደረገለት ነገር አልነበረም፤ የሚያደርግለትም አልነበረም። ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወራም። ሲጠይቁት «ረጅም ነበር» ብሎ ይተወዋል።

አያ ጅቦ መኪናውን ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። መንዳት ግን አልሆነለትም፤ የፊት እግሩ ሁልጊዜ ወደ አፉ ስለሚሄድ መሪ መጨበጥ አልቻለም። ስለዚህ አህያን ቀጠረ። አንበሳም ይህን ሲሰማ አዋጅ አስነገረ፦ «ይህ መኪና እስከሄደ ድረስ በአህያ ጀርባ ላይ እህል አይጫንም!»

አህያ አዋጁን በልቡ ያዘ። መኪናውን በየማለዳው ያጥበዋል፤ ጎማውን በኮቴው መታ መታ እያደረገ ያያል፤ ውኃና ዘይት ይለካል። በሦስት ክረምት ውስጥ ገጣባው ደረቀ፤ ፀጉርም በቀለበት። መኪናው ከቆመ ቁስሉ እንደሚመለስ ግን አንድም ቀን አልረሳም።

አንድ ማለዳ መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ሆኖ የሞተሩን የዘይት ክዳን ከፈተ። ከክዳኑ ሥር ጥቁር አተላ ተጣብቋል። በእንጨት ጫፍ ቢጭረው እንደ ቅጥራን እየተሳበ ወጣ።

«አያ ጅቦ፣ ይምጡና ይህን ይዩ።»

አያ ጅቦ አጥንት እየቆረጠመ መጣ። «ምንድን ነው? ይበላል?»

«አይበላም። ዘይቱ ነው። መኪናው ከመጣ ጀምሮ አልተቀየረም። እላዩ ላይ ብቻ ነው የምንጨምርበት። ሲግል ሲበርድ ኖሮ አተላ ሆኗል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?»

«አሮጌው ይውረድ። ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚጠራቀምበት ገንዳ፣ ኮፓው፣ ተፈትቶ ይፋቅ። ማጣሪያው ይቀየር። ያለዚያ አተላው ዘይቱ የሚሳብበትን ወንፊት ይደፍነዋል። ዘይት ወደ ላይ ካልወጣ ደግሞ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን።»

አጥንቱ ከአያ ጅቦ አፍ ወደቀ። «ሦስት ቀን! ተራዬስ?»

ተራ አስከባሪው ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ጮኸ። «ከሰልፍ የወጣ ከጭራ ይጀምራል! ለአክስቴ ልጅ እንኳን አላዳላሁም!»

ቀበሮ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። በሜዳው ዳር ጋራዥ አለው። መኪና ይጠግናል ይባላል፤ ነገር ግን ከጋራዡ ድነው ከወጡት ይልቅ ተበታትነው የተሸጡት ይበዛሉ። የአያ ጅቦን መኪና ጎማዎች አይቶ ከወደዳቸው ቆይቷል። ጅራቱን እየጎተተ ቀረበና አተላውን በጥፍሩ ጫፍ ነክቶ አሸተተው።

«እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት፣ አያ ጅቦ!»

«በምን?»

«ሞተሩ ሰብቶልዎታላ! ይሄ እኮ ሞራ ነው። ሰንጋ ሲሰባ ሞራውን የት ነው የሚያስቀምጠው? ሆዱ ውስጥ አይደለም? ይኸው፣ ይሄም ሆዱ ውስጥ አስቀመጠው።»

አያ ጅቦ ክዳኑ ላይ አፍጥጦ ምራቁን ዋጠ። «እውነትም ወፍሯል! አህያ፣ ሰማህ? ሰብቶ ነው!»

«ሞተር አይሰባም፣ አያ ጅቦ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ዕድሜ ልክህን ከስተህ የኖርክ! ሰብቶ የቆመን ነገር አክሳው ትለኛለህ?»

«ሣር በላተኛ ስለ ሞራ ሲከራከር!» አለ ቀበሮ ራሱን እየነቀነቀ። «ምን ያልሰማነው አለ?»

ዝንጀሮ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሳቀ። ወረፋ የሚጠብቁትም ሳቁ። አህያ ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

ከዚያ ወዲህ ቀበሮ ከሌሎች መኪናዎች ያወረደውን አሮጌ ዘይት በጨርቅ እያጣራ ይጨምርለት ጀመር። አያ ጅቦም በተጨመረ ቁጥር «ቀለቡን ሰጠሁት» እያለ በሜዳው ይጎማለል ነበር። አህያ ያያል፤ ይነዳል። እንዲህ ሆኖ ዓመት አለፈ።

ሰኔ ሲገባ መኪናው ደከመ። ዳገት ላይ ያቃስታል፤ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ጠዋት ሲነሳ የሞተሩ አናት ብርድ እንደያዘው ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ደጋው ላይ ዝናቡ ጀምሯል፤ መሬቱ ታርሶ ዘር ይጠብቃል። ከአንበሳ ዘንድ «ዘሩ ዛሬ ይድረስ» የሚል ትእዛዝ ወረደ።

ጆንያው ተጭኖ ሲያልቅ አያ ጅቦ ቀበሮን ጠራው።

«ከመጠን በላይ ሰባ መሰለኝ» አለ። «መራመድ አቃተው። ትንሽ ቢከሳ ምን ይመስልሃል?»

«ቀላል ነው» አለ ቀበሮ። «ከዘይቱ ጋር ናፍጣ እንቀላቅልበትና ትንሽ ቆሞ ይዙር። ሞራው ሟሙቶ ያልቃል። ተራዎም አያልፍዎትም።»

አህያ ከመሪው ወረደ። «አይሟሟም። ከየግድግዳው እየተላቀቀ ወንፊቱ ላይ ነው የሚወርደው። በአንድ ጊዜ ይደፍነዋል። ኮፓው ካልተፈታ አይሆንም።»

«አንተ ፈሪ! ፈርተህ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ።»

«አልበላህም አልኩህ እኮ! ሹፌር አይበላም፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«እርስዎን አይደለም፣ አያ ጅቦ። ዳገቱን ነው።»

«የጅቦ መኪና!» ሲል ጮኸ ዝንጀሮ። «ተራህ ደርሷል! አለህ ወይስ ልዝለልህ?»

«አለሁ! አለሁ!» አያ ጅቦ ቀበሮን ገፋ አደረገው። «ጨምርበት፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ቀበሮ ናፍጣውን ገለበጠ። አህያ ቁልፉን ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወጣና አስነሳው።

ሜዳውን በሰላም አለፉ። አያ ጅቦ ጅማት እያኘከ «አየህ? ቀለለው!» ይል ነበር። ዳገቱን ጀምረው ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ግን ከመሪው ፊት ቀይ መብራት በራ።

«አያ ጅቦ፣ የዘይት መብራት በርቷል። ላቁመው።»

«ዳገት ላይ ማን ያቆማል? ንዳ!»

«አሁን ካጠፋሁት ይተርፋል። ከነዳሁት አይተርፍም።»

«እንዴ! ያቺ መብራት ናት እንዲህ የምታስጨንቅህ?» አያ ጅቦ የሚያኝከውን ጅማት ከአፉ አውጥቶ መብራቱ ላይ ለጠፈበት። «ይኸው ጠፋች። አሁን ንዳ።»

አህያ ማቆም ይችል ነበር። ቁልፉ ጉልበቱ አጠገብ ነበር፤ አንድ ጊዜ ማዞር ብቻ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ «ሂድ» ሲባል የሄደ ነው። ሂድ ተባለ፤ ሄደ።

ሁለት መታጠፊያ ወጡ። ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ እንደ ቀጥቃጭ መዶሻ። ከዚያ ከውስጥ አንድ ነገር ተሰበረና ሁሉም ጸጥ አለ። አህያ ወርዶ ድንጋይ እየገፋ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አስገባ። አፍንጫውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ከግለቱ የተነሳ መለሰው።

«አስነሳው» አለ አያ ጅቦ።

«ሞቷል።»

«ሰብቶ?»

አህያ ወደ ጆንያዎቹ ዞረ።

ቀበሮ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። መፍቻዎቹን በከረጢት ይዞ በእግሩ ሲከተላቸው ነበር።

«አይ፣ ምን ይደረጋል!» አለ ከንፈሩን እየመጠጠ። «የሞተ ሰንጋ ደግሞ ሳይሸት መበለት አለበት።»

ጎማዎቹን ፈታ፤ ባትሪውን አወጣ፤ መስታወቶቹን ነቀለ። አያ ጅቦ ብልት ሲወጣ ቆሞ ማየት ስለማይችል ራሱ አገዘው። ድርሻህ ነው ተብሎ የወንበሩ ቆዳ ተሰጠው፤ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ያኝከው ጀመር። መኪናው የማን እንደነበር የረሳ ይመስል ነበር።

ከላይ የአንበሳ ድምፅ ተሰማ። ቀበሮ ጎማዎቹን ቁልቁል እያንከባለለ አብሯቸው ወረደ። አያ ጅቦም ቆዳውን ነክሶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

አንበሳ ደርሶ መኪናውን ዞረው። ጎማ የሌለው መኪና ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ዘሩስ?»

«እዚሁ አለ፣ ጌታዬ» አለ አህያ። «አንድም አልጎደለም።»

«መኪናውን ምን ነካው?»

«አተላ ገደለው። ለአያ ጅቦ ነግሬ ነበር።»

«መቼ?»

«አምና። ዛሬ ጠዋትም ደግሜ ነግሬያለሁ።»

«ሊሞት ሲል ምልክት አይሰጥም?»

«ይሰጣል። ቀይ መብራት በርቶ ነበር።»

«መሪውን የያዘው ማን ነበር?»

አህያ ጆሮዎቹን ጣለ። «እኔ ነበርኩ።»

አንበሳ ደመናውን አየ፤ ቀሪውን ዳገት አየ። ክፉ አልነበረም፤ እሱም ደክሞት ነበር።

«መኪናው እስከሄደ ድረስ ነበር ያልኩት» አለ። «ዘር ካልደረሳቸው ከላይ ያሉት ከርሞ የሚበሉት የላቸውም። ጅብን ልፈልግ? ቀበሮን ላሳድድ? እነሱን ሳሳድድ ዝናቡ ያልፋል። እዚህ ያለኸው አንተ ነህ።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

የመጀመሪያውን ጆንያ አንበሳ ራሱ አንስቶ ጫነለት። አህያ ትንሽ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ተስተካክሎ ቆመና መውጣት ጀመረ።

ሠላሳው ኩንታል ተመላልሶ እስኪያልቅ አሥራ አምስት ቀን ፈጀ። ገጣባው በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ዘሩ ደርሶ ተዘራ፤ በቀለም። ቀበሮ ጋራዡ ውስጥ ነው። አያ ጅቦ ሌላ መኪና እያፈላለገ ነው ይላሉ። ዳገቱ ላይ የቀረው አህያ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥፋት ሲመጣ እያየ በአፉ ብቻ ተናግሮ በእጁ ያላቆመ፣ አጥፊዎቹ ሲበተኑ ሸክሙን ብቻውን ይዞ የሚቀር መሆኑን ነው።