የጦጢት ጥርስ ሕመም

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። በድሮ ዘመን፣ አራዊት ሁሉ ገበያ በሚውሉበት ጊዜ፣ አንዲት ጦጣ ነበረች። ሒሳብ ትችላለች፣ ወሬ ትችላለች፣ ከሁሉም በላይ ማታለል ትችላለች። አንድ አህያም ነበረ። እሱ መሸከም ነው የሚችለው። እሷ ትነግዳለች፣ እሱ ይሸከማል።

ንጉሡ አንበሳ ልጁን ሊድር ሆነና ጦጢትን አስጠራት።

«ስምንት ቁና ሰርገኛ ጤፍ አምጪልኝ። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ። ትርፍሽ የወጪሽ ሩብ ነው። አራት አሞሌ ካወጣሽ አንድ ታተርፊያለሽ። ከዚያ በላይ የበላ ለአያ ጅቦ ይሰጣል።»

አያ ጅቦ እዚያው ተጋድሞ ነበር። ስሙን ሲሰማ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

ያኔ ገንዘቡ አሞሌ ጨው ነው። አንድ ቁና ነጭ ጤፍ ስድስት አሞሌ፣ አንድ ቁና ቀይ ሁለት አሞሌ።

ጦጢት በጣቷ ቆጠረች። «አራት ነጭ ሃያ አራት። አራት ቀይ ስምንት። ሠላሳ ሁለት ወጣ። ሩቡ ስምንት፣ ንጉሡ አርባ ይከፍለኛል። ሁለት ነጭ ስድስት ቀይ ባደርገውስ? አሥራ ሁለትና አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት ብቻ ይወጣል። ንጉሡ ያው አርባውን ይከፍላል። አንዴ ከተቀላቀለ ጤፍን ማን ይለቅመዋል?»

እንዳለችውም አደረገች።

በዚያ ገበያ ደግሞ ምርቃት አለ። በየቁናው አንድ እፍኝ በነጻ፣ ገዢው በገዛ እጁ ይዘግናል። ጦጢት የዘገነችውን ጆንያ ውስጥ አልጨመረችም። ነጩን በቀኝ ጉንጯ፣ ቀዩን በግራ ጉንጯ ወሸቀች። ለራሷ ሲሆን ድብልቅ አትወድማ።

አህያው አየ። ጫነችው፣ ሄዱ።

ንጉሡ አርባውን ከፈለ። ከዚያ መዳፉን ጆንያው ውስጥ ከተተ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ግማሽ በግማሽ አይደለም። ጠቁሯል።»

«እኔ ግማሽ በግማሽ ነው የጫንኩት ጌታዬ» አለች ጦጢት። «አህያው ነው። መንገድ ላይ ነጩን በልቶ በቀይ ሞልቶታል።»

«አፍሽን ምን ነካው?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው ጌታዬ።»

አንበሳ ወደ አህያው ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

አህያው ዝም አለ። አያ ጅቦ ተነሣ።

«ምን ትላለህ?»

አያ ጅቦ መጥቶ የአህያውን ታፋ አሸተተ። «ከስቷል። ግን አይከፋም» አለ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። ምን ትላለህ?»

የጅቡ ትንፋሽ ቆዳው ላይ ይሞቃል። አህያው አፉን ከፈተ።

«እኔ ሒሳብ አላውቅም ጌታዬ። ግን ምርቃቱ ጆንያ ውስጥ አልገባም። እሷንም ጥርሷን አይደለም ያመማት።»



«ትፊ» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ ሕመሙ...»

«ትፊ።»

ከቀኝ ጉንጯ ነጭ ወረደ። ከግራ ጉንጯ ቀይ ወረደ፣ ወረደ፣ አላልቅ አለ።

«በዘገንሽበት እጅሽ ስፈሪው።»

ሰፈረች። ነጩ ሁለት እፍኝ። ቀዩ ስድስት እፍኝ።

አንበሳ ቀስ ብሎ ቆጠረ። «አንድ እፍኝ አንድ ቁና ነው። እንግዲህ ሁለት ነጭ፣ አሥራ ሁለት አሞሌ። ስድስት ቀይ፣ አሥራ ሁለት አሞሌ። ሃያ አራት አውጥተሻል። ሩቡ ስድስት። ሠላሳ ነበር የሚገባሽ። አርባ ወሰድሽ።»

አያ ጅቦ ከአህያው ታፋ አፍንጫውን አነሣ። «አሥሯ ለማን ነች?»

«አሥሯ ለአህያው። እሷ ላንተ።»

ጅቡ ዘለለ። ጦጢት ቀደመችውና ግቢው ውስጥ ያለ ዋርካ ላይ ወጣች። የጅራቷ ፀጉር ግን ጥርሱ ላይ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ ከዛፍ ስትወርድ ግራ ቀኝ ታያለች፣ ያገኘችውን ጉንጯ ውስጥ ወሽቃ ተመልሳ ትሮጣለች።

አህያውስ አትሉኝም? አሥሩን አሞሌ ጀርባው ላይ አድርጎ ቤቱ ገባ። ሸክም ሸክም ነው። የዚያን ቀኑ ግን ቀለለው።

ስለዚህ ልጆች፣ የተቀላቀለ ጤፍ አይለይም፤ የቀላቀለው ግን አንድ ቀን ይለያል። ያያችሁትንም ታፋችሁ እስኪሸተት ድረስ ይዛችሁ አትቆዩ።

ተረቴን እዚህ ጋ አወረድኩት። አሁን ጀርባዬን ላሳርፍ።