የእልፍነሽ ክንድና ሦስቱ ጋውኖች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ ወይዘሮ እልፍነሽ የሚባሉ ባል የሞተባቸው እናት ነበሩ። ሦስት ልጆቻቸው ተከታትለው የከተማውን ዩኒቨርሲቲ እንደገቡ የእናትየው ኩላሊት ሥራ አቆመ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ ደማቸው በማሽን ካልታጠበ መኖር የለም። እጥበቱ ሲያልቅ ደግሞ ጉልበታቸው ስለሚከዳቸው፣ ደግፎ የሚያወጣቸው ሰው ያስፈልጋል።

ወይዘሮ እልፍነሽ ልጆቻቸውን ሰብስበው «በኔ የተነሳ ማናችሁም ከትምህርታችሁ እንዳትጎድሉ» አሉ። ደግሞም «ብቻዬን ግን አትተዉኝ» ብለው ጨመሩ። ሁለቱ ነገር አብሮ እንደማይሄድ እሳቸው አላስተዋሉም፤ ልጆቹ ግን ወዲያው ገባቸው።

ትልቋ ትርሲት ፋርማሲ ደርሷት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው እሱን ነው። የላብራቶሪው ሰዓት ግን ከእጥበቱ ሰዓት ጋር ገጠመ። ትርሲት ማንንም ሳታማክር ማኔጅመንት ገባች፤ የማኔጅመንት ተማሪዎች ይቅር ይበሉንና ቀለል ይላል ብላ ነው። በየሴሚስተሩም ምን ልማር ሳይሆን መቼ ልማር እያለች፣ የከሰዓቱን ኮርስ፣ ስም የማይጠራውን መምህር፣ ፈተናው ያለፈው ዓመት ጥያቄ የሆነውን ስትመርጥ ከረመች። ነጥቧ ሰማይ ነካ። እናቷ ማሽኑ ላይ ሲተኙ አብዛኛውን ቀን አጠገባቸው ነበረች። ፋርማሲስቶች ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው በኮሪደሩ ሲያልፉ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ይህን እናቷ አይተዋል፤ አንድም ቀን አልጠየቋትም።

መክብብ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነበር። እህቶቹ «አንድ ከባድ ኮርስ እንኳ ጣልና ተራ ያዝ» ቢሉት «እማዬ የለመነችኝ እንዳልጎድል ነው» አለና ጭራሽ ተጨማሪ ኮርስ ያዘ። እጥበት ክፍሉን ረግጦት አያውቅም። ማታ ማታ እየደወለ የተማረውን ሁሉ፣ የድልድዩን፣ የብረቱን፣ ለእናቱ ያወራል። ወይዘሮ እልፍነሽ ከብረቱ ወሬ አንዱም ባይገባቸው፣ ያን ስልክ ሳይሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አጠገባቸው ለሚታጠቡት በሽተኞች «ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው» እያሉ ሲኮሩ፣ ቦርሳቸውን ይዛ የምትሰማው ትርሲት ነበረች። አንዳንዴ ግን ልጁ ደም ፈርቶ ይሆን እንዴ ብለው ያስባሉ፤ ሐሳቡ ያበሳጫቸውና ወዲያው ይተዉታል።

ትንሿ ምንትዋብ ሁለቱንም ላድርግ አለች። ፊዚክስን አልለቅም ብላ ግማሹን ከባድ፣ ግማሹን ቀላል ኮርስ አድርጋ ያዘች፤ ትርሲት የምትደክምባቸውን ቀናትም ተረከበች። ማሽኑ ሥር ወርክሺት ዘርግታ እየሠራች እንቅልፍ ይጥላታል። አንዱ ኮርስ ላይ ወደቀችና ክረምቱን ደገመችው፤ ለእናቷ ግን «አልፌያለሁ» አለች። አንድ ቀን ደግሞ ፈተናና እጥበት ተደራርቦባት ዘግይታ ስትሮጥ ብትደርስ፣ እናቷ የሆስፒታሉ በር ላይ ዝናብ እየመታቸው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ከሁለቱም ጎደልኩ እማዬ» ብላ አለቀሰች።

«ዝም በይ፣ መጣሽ አይደል» አሏት። ያን ቀን ግን ፈርተው ነበር።

ትልቋ ትምህርት ክፍል ቀይራ ስለዘገየች፣ የመክብብ ትምህርት ደግሞ ረጅም ስለሆነ፣ ሦስቱ በአንድ ቀን ተመራቂ ሆኑ። መቼም እንደምታውቁት ተመራቂ ጋውኑን አውልቆ ለወላጁ ያለብሳል፤ ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል። ወይዘሮ እልፍነሽ «እኔ ተቀምጬ ፎቶ አልነሳም፤ ጋውን ለብሼ እንደ ሰው ቆሜ ነው» ካሉ ቆይተዋል። ከወንበር ተነስቶ መቆም ደግሞ ከአንዴ በላይ እንደማይሆንላቸው ያውቁታል። በየተራ ይልበሱ የምትሉ ካላችሁ፣ ያ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከምርቃቱ ሳምንት ጀምሮ እህል አልበላ፣ ወሬ አልጥም አላቸው። ስታዲየም ከገቡም በኋላ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ መልሰው ይፈቱታል። ባለ ጎማ ወንበራቸውን የምትገፋው ጎረቤታቸው አስካለ ነበረች።

«እልፌ፣ ምነው ዛሬ ደስ አላለሽም?»

«ብሎኛል። ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ አለኝ።»

ተመራቂዎቹ ቆባቸውን ወረወሩ። ቤተሰብ ወደ ሜዳው ጎረፈ። ሦስቱ ልጆች በየኮሌጃቸው ተለያይተው ቆመው ስለነበር አንዱ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ፣ አንዷ ከፊት መጡ።

«ወዴት ልግፋሽ?» አለች አስካለ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ጎማውን በእጃቸው ያዙ። ወንበሩ ሜዳው መሀል ቆመ።

ትርሲት ደርሳ ጋውኗን ዘረጋች። «ትምህርቴን ትቼልሽ ነው እማዬ» አለች። እንዲህ ብላ አታውቅም።

መክብብ ጋውኑን ዘረጋ። «ያልሽኝን ነው ያደረግኩት» አለ።

ምንትዋብ እጇ ላይ ያለውን ጋውን አልዘረጋችም። «የነሱን ልበሺ» አለች። ግን ከእናቷ ፊት ዘወር አላለችም።

ወይዘሮ እልፍነሽ የአስካለን ትከሻ ይዘው ቆሙ። ሁልጊዜ መርፌ የሚወጋውን፣ ያበጠውን ክንዳቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ፎቶ አንሺው «ቶሎ፣ ቶሎ እማማ» ይላል። ሦስቱንም አዩ፣ መልሰው አዩ። ሦስቱንም እኔው ራሴ ነኝ እንዲህ ያደረግኳቸው አሉ በልባቸው።

ከዚያ በኋላ በማን ጋውን ፎቶ እንደተነሱ የሰማ ሰው አላገኘሁም። እናንተ ፍረዱ። አንዷ ለእናቷ ብላ ምኞቷን ጣለች፤ አንዱ የእናቱን ምኞት ሊሞላ እናቱን ብቻቸውን ተዋቸው፤ አንዷ ሁለቱንም ይዛ ሁለቱም ጋ ጎደለች። እናንተ ብትሆኑ ያንን ክንድ በማን እጅጌ ውስጥ ታስገቡት ነበር?