የአስተዳዳሪው መኪና ለምን ታፈነች

ሙቀቷ እንቁላል በሚያበስል አንዲት የቆላ ከተማ አቶ ሹመቴ የሚባሉ አስተዳዳሪ ነበሩ። የባለጉዳይ ፊት ማየት ስለማይወዱ የቢሮአቸው በር ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። ሕዝቡም መላ አላጣም፤ ማመልከቻውን በቆመችው መኪናቸው የዝናብ መጥረጊያ ስር ሸጉጦ መሄድ ለመደ።

አንድ ቀን የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ደከመ። ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል፣ ነፋሱ ግን እንደ በሽተኛ ትንፋሽ ፊት ሳይደርስ ይቀራል። አቶ ሹመቴ በላብ ተጠምቀው አፉ ከማያርፍ አንድ መካኒክ ጋራዥ ደረሱ።

መካኒኩ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን የአየር ማስገቢያ ከፈተና እጁን ሰደደ። አንድ ወረቀት መዘዘ፤ ሌላ መዘዘ፤ ቢመዝ ቢመዝ አላልቅ አለው! ሁሉም «ለክቡር አቶ ሹመቴ፤ ጉዳዩ፦ አቤቱታ» ይላሉ። ለካ ከመጥረጊያው ስር እየተንሸራተቱ ገብተው የነፋሱን መንገድ ወትፈውታል። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ሹመቴ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «ይሄ አሻጥር ነው! አንተው ራስህ ነህ የጠቀጠቅከው! ዛሬውኑ ጋራዥህን አሳሽገዋለሁ!» ብለው ጮኹ።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው።

«ማሸጉንስ ያሽጉት፣ ክቡርነትዎ። እኔም እንደ ሰዉ አቤቱታዬን ጽፌ እዚችው መጥረጊያ ስር እሸጉጣለሁ። የሰዉን እኔ አወጣሁልዎት፤ የኔን ግን ማን ሊያወጣልዎት ነው?»