ላስቲኳ ያልተላጠ ሞተር

አንዲት ሴት ነበረች። የእንስሳት ሐኪም ናት። እንሰት በሚበቅልበት ደጋ፣ ጉሙ እስከ ረፋድ ከማይገፈፍበት አገር ተመድባ ትሠራለች።

ይቺ ሴት ከስድስት ልጆች አምስተኛዋ ናት። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? ቀሚሱ የታላቅ እህት፣ ጫማው የታላቅ እህት፣ ደብተሩ እንኳ የተጻፈበት ገጽ ተገንጥሎ የቀረው ነው። አዲስ የሚባል ነገር በእጇ ገብቶ አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ግን መሥሪያ ቤቷ አዲስ ሞተር ሳይክል ሰጣት። ቀይ! ለገጠር መንገድ የተሠራች፣ ከፍ ያለች፣ ጎማዋ ጥርስ ያለው። ወንበሯም የነዳጅ ታንከሯም ከፋብሪካ በመጣ ላስቲክ እንደተሸፈነ ነው።

ወይንሸት ይባላል ስሟ። መንዳት አትችልም። ግን ከሥራ ስትመለስ፣ ፀሐይዋ ጥልቅ ልትል ስትል፣ ግቢ ውስጥ ሞተሯ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። ሳታስነሳት። መሪውን ትይዝና ዓይኗን ትጨፍናለች። በቃ፣ ትሄዳለች! ዳገቱን ትወጣለች፣ በጉሙ መሐል ታልፋለች፣ ወንዙን ስትሻገር ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ይነካታል፣ ከማሳ ያሉ ሰዎች ቀና ብለው እጃቸውን ያነሱላታል። ዓይኗን ስትገልጥ ያው ግቢው ነው፤ የአከራይዋ ዶሮዎች ናቸው። ትወርድና ሞተሯን በአንሶላ ሸፍናት ትገባለች። አዎ፣ በራሷ አንሶላ!

አትሳቁ። ሕልም ማን ይከለከላል?

ታዲያ መንዳት የሚያስተምራት ሰው ተገኘ። ጋሽ ኤርሲዶ ይባላሉ፤ በወባ መከላከል ሥራ ያንን ዳገት ሠላሳ ዓመት በሞተር የወጡ የወረዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ኳስ ሜዳው ላይ ወሰዷት።

«ልጄ፣ የገጠር መንገድ እንደ አስፋልት ተቀምጠው አይነዱትም» አሏት። «ተነሺና መርገጫው ላይ ቁሚ። ታንከሩን በሁለት ጉልበትሽ እቀፊው። እጅሽ ላላ ይበል፤ መሪውን አንቀሽ አትያዢው። ሞተሯን የሚይዛት ጉልበትሽ ነው፣ ሰማሽ? እና ይሄን ላስቲክ ላጪው።»

«እሺ ጋሼ፣ ነገ።»

በማግስቱ መጡ። «ሙሽሪት ዛሬም ቬሏን አላነሳችም?»

«ኧረ ጋሼ! ይቧጨርብኛል እኮ።»

«ይቧጨራ! ለመስታወት ሳጥን ነው እንዴ የተገዛችው?»

ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ላስቲኩ ግን አልተላጠም። አንድ ቀን ብቻ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥጉን በጥፍሯ አነሳችው። ከሥሩ ያለው ቀይ ቀለም ፍንትው ብሎ ታያት፤ እጅ ያልነካው፣ የሷ ብቻ የሆነ። አንድ ጊዜ ከተነካ በኋላ ዳግመኛ አዲስ እንደማይሆን አሰበችና መልሳ በምራቋ ለጠፈችው።

ምንም አልሆነችም ደግሞ! ሜዳው ደረቅ ነበራ። በደረቅ ሜዳ ላይ ላስቲክ ማንንም አይጥልም። በኳስ ግቡ ዙሪያ ዞረች፣ መርገጫው ላይ ቆመች፣ ማርሽ ቀየረች፣ ፍሬን ያዘች። በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ኤርሲዶ «ጎሽ! ከእንግዲህ ዳገቱ ያስተምርሽ» ብለው አሰናበቷት።

አንድ ማለዳ ስልኳ ጮኸ። ከተራራው ጫፍ እማማ አመነች ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት ላም በቀር ሌላ ከብት የላቸውም፤ የዓመት ልብሳቸውም፣ የቤታቸው ወተትም፣ ቅቤውም እሷው ናት።

«ልጄ፣ ቦራ ምጥ ይዟታል! ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ታምጣለች፤ አንድ እግር ብቻ ነው የሚታየው። በፈጠረሽ ድረሺልኝ!»

በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በሞተር አንድ ሰዓት አይሞላም። ወይንሸት ገመዷንና ጓንቷን በቦርሳ ይዛ ተነሳች።

ወገኖቼ፣ ያ ጠዋት እንዴት ያለ ጠዋት ነበር መሰላችሁ! ዓይኗን ጨፍና ያየችው ሁሉ ዓይኗን ገልጣ ስታየው። ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል፣ ስትደርስበት ይከፈትላታል፣ ስታልፍ መልሶ ይዘጋል። የእንሰቱ ቅጠል ጤዛውን ጠብ ጠብ ያደርጋል። ወንዙን ስትሻገር ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ነካት። ከማሳው አንድ ሰው ቀና ብሎ እጁን አነሳላት። የምትሄድላት ላም ትዝ እያለቻት እንኳ፣ ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ ካፊያ ጀመረ። ዳገቱም ጀመረ።

እንደተማረችው ተነስታ መርገጫው ላይ ቆመች። እንደተማረችው ታንከሩን በጉልበቷ አቀፈች። ጉልበቷ ሙልጭ አለ! እርጥብ ላስቲክ ማን ይዞት ያውቃል? ወደ ኋላ ስትንሸራተት እጇ መሪው ላይ ያለውን ጋዝ እንደጠመዘዘ ቀረ፤ ሞተሯ አጓርታ ተነሳችና ጭቃው ላይ ዘረረቻት።

ብድግ አለች። መጀመሪያ ምን ያየች ይመስላችኋል? ጉልበቷን ነው? መሪውን ነው? ላስቲኩን! አልተቀደደም። «ተመስገን» አለች። እግዚአብሔርን ስለ ምን እንዳመሰገነችው እዩልኝ እንግዲህ!

ሞተሯን እየታገለች አቆመችና እንደገና ሞከረች። ልቀመጥ ብትል ወንበሩም ያው ላስቲክ ነው፤ አንሸራትቶ ጣላት። እንደገና ተነሳች። እንደገና ወደቀች። ደቂቃው ይሄዳል። በመጨረሻ ሞተሯ ተጋድማ፣ እሷ አጠገቧ ጭቃ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ጉሙ ዙሪያዋን ዘጋ። ሁሉ ነገር ዝም አለ። ያለችው በሕልሟ ይሁን በእውኗ ለራሷም አልለይ አላት።

በዚያ ዝምታ መሐል፣ ከላይ፣ ከጉሙ ማዶ፣ የላም ድምፅ ሰማች። ረጅም፣ የደከመ ድምፅ።

ቦርሳዋን ከፍታ ምላጭ አወጣች። ላስቲኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደደችው። ወንበሩንም ታንከሩንም። እያለቀሰች ነው የምትልጠው፣ አልዋሻችሁም። ጭቃ የነካው ጣቷ ቀዩ ቀለም ላይ አረፈ። ተቧጨረ። ከዚያ ሞተሯን አቆመች፣ አስነሳች፣ በጉልበቷ አቀፈቻት። ያዘች! ዳገቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወድቅ ወጣችው።

ስትደርስ ቦራ ተጋድማለች። ወይንሸት እጇን ታጥባ ወደ ውስጥ አስገባች፤ የጥጃው ጭንቅላት ወደ ኋላ ዞሯል። አስተካከለች፣ ገመድ አሰረች፣ ቦራ ስታምጥ አብራ ሳበች። ወጣ። ደረቱን አሸች፣ አፍንጫውን ጠረገች፣ በጭድ ፈተገችው፣ እንደገና አሸች። አልተነፈሰም። ገና ትኩስ ነበር።

ላሟ ግን ተረፈች። ቆይታ፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ቆመች።

እማማ አመነች በር ላይ የቆመችውን ሞተር አዩ፤ ጭቃዋን፣ ጭረቱን፣ የተንጠለጠለውን የላስቲክ ቁራጭ። ደነገጡ። «ውይ ልጄን! አዲሷ ሞተርሽ በኔ የተነሳ ተበላሸችብሽ!»

ይሄኔ ነው ወይንሸት የተሰበረችው። «እማማ፣ ጥጃውን እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ላስቲኩን ሳልልጥ መጥቼ ነው የዘገየሁት። እንዳይቧጨርብኝ ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ውሃ አመጡና እጇን ያስታጥቧት ጀመር።

«ቦራ አለችልኝ» አሏት። «ደግሞ ትወልዳለች። አንቺ ብቻ ነይልኝ።»

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። እዚያ ከኋላ የምትስቁትን አይቻችኋለሁ! የቤታችሁ ፍሪጅ በር ላይ ያለው ላስቲክ ከተገዛ ስንት ዓመቱ ነው? ሪሞቱስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁልፉ አልጫን ብሎ ስንቴ ተጣልታችሁበታል? እሱ ይሁን፣ በሪሞት ጥጃ አይሞትም።

እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። እግዚአብሔር የሰጠንን ፍቅር ላስቲኩን ሳንልጥ አስቀምጠነዋል። ይቅርታችን አዲስ ነው፤ ማንም ላይ አልዋለማ! ርኅራኄያችን ያበራል፤ የማንም እንባ አልነካውማ! ዓይናችንን ጨፍነን ግን በእምነት ስንት ዳገት ወጥተናል? ስንት ወንዝስ ተሻግረናል?

እሁድ ሜዳው ደረቅ ነው። እዚህ ማን ይወድቃል? እንዘምራለን፣ አሜን እንላለን፣ ግቡን ዞረን ቤታችን እንገባለን። ካፊያው የሚጀምረው ሰኞ ነው። የተጣላችሁት ወንድማችሁ መንገድ ላይ ሲገጥማችሁ፣ የታመመች ጎረቤታችሁ በር ላይ ስትደርሱ፣ ያኔ ነው ጉልበታችሁ መያዝ አለመያዙ የሚለየው።

አንዳንዶቻችሁ ዘግይታችኋል። አውቃለሁ። በመዘግየታችሁ የሞተ ነገር አለ፤ እኔም አለብኝ። ግን እማማ አመነች ያሉትን ሰማችሁ? ሞተሯን አልሰደቡም፣ ልጅቷን አልረገሙም። «አንቺ ብቻ ነይልኝ» ነው ያሉት። ከጉሙ ማዶ ያለው ሰው የሚጠብቀው ያማረ ሞተር አይደለም። እናንተን ነው።

ነገ ሰኞ ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ ያቺን ጥግ በጥፍራችሁ አንሷት። መልሳችሁ ግን በምራቃችሁ እንዳትለጥፏት።